ሳጥኑ የእሱ፣ ጊታሩ የልጄ

ኅዳር 4፣ ሐሙስ

ልጄ መሞቱን ዛሬ ነገሩኝ።

የአንዲት ደንበኛዬን ቀሚስ ዚፕ እየቀየርኩ ነበር። ልጄ የማስታወቂያ ሰሌዳ ይሰቅላል። የመሥሪያ ቤቱ አለቃ ከባለቤቴ ወንድም ጋር መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። «ቁጭ በይ» አለኝ። ቁጭ ብያለሁ እኮ! ስፌት መኪና ላይ ቁጭ ብዬ እያየኝ ቁጭ በይ ይለኛል። «ከመሰላል ወድቆ ነው» አለ። «ተጎዳ?» አልኩት። መሬት መሬት አየ።

እግሬን ከመርገጫው አላነሳሁም። ዚፑን እስከ ጫፉ ሰፍቼ፣ ክሩን በጥርሴ በጥሼ ነው የተነሳሁት። ለምን እንደጨረስኩት አላውቅም። ቀጥ ብሎ ተሰፍቷል፣ ቆይቼ አየሁት። እጄ ይቆረጥ።

ይህ ደብተር የልኬት መጻፊያዬ ነው። ከፊት የሰው ወገብና ትከሻ አለ። እኔ ከኋላ ጀመርኩ።

ኅዳር 5፣ ዓርብ

ቀበርነው። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

ቤቱ ሰው አጥቶ አያውቅም። «አይዞሽ» ይሉኛል፣ ዞር ብለው ስለ ቤት ኪራይ ያወራሉ። የዚፗ ባለቤት አጠገቧ ላለችው ሴትዮ በሹክሹክታ «ቀሚሴን ግን ጨርሳው ይሆን?» ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። ጨርሼልሻለሁ። ልበሺው። ደስ ይበልሽ።

ከሰዓት በኋላ ቀጮ መጣ። ቀጮ የልጄ ጓደኛ ነው። አብረው ይሠሩ ነበር፣ ካለፈው ዓመት ጀምሮም ሥራው ቅርብ ይሁንልን ብለው ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ አንድ ክፍል በጋራ ተከራይተው ይኖሩ ነበር። እኔ ቤት ሲመጣ የልጄን ሳህን ቀምቶ የሚበላ፣ እንደ ልጄ «እማ» የሚለኝ ልጅ ነው። የልጄን ሻንጣና ጊታሩን ተሸክሞ ገባ። ሰው ሁሉ ባለበት ጠየቅሁት።

«መሰላሉን የያዘው ማን ነበር?»

«እኔ ነበርኩ፣ እማ።»

«እማ አትበለኝ!»

ዕቃውን ግድግዳው ሥር አስቀምጦ ቆመ። ቢዋሸኝ ምን ነበረበት? ሌላ ሰው ነው ቢለኝ፣ የማላውቀውን ሰው እረግም ነበር። «ውጣ!» አልኩት። ወጣ። ባለቤቴ ተነስቶ ሊከተለው ሲል በዓይኔ መለስኩት።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

የጊታሩን ማኅደር ከፈትኩ።

ልጄ ጊታር የለመደው ከቤት ከወጣ በኋላ ነው። ሲጫወት አንድ ቀን ሰምቼው አላውቅም። በስልክ ብቻ ነበር የሚነግረኝ። «እማ፣ አንዷን ክር ነካ ስታደርጊያት ቤቱን ትሞላዋለች። አንድ እሑድ አምጥቼ አሰማሻለሁ» ይለኝ ነበር። «ቤቱንማ አንተና አባትህ ሞልታችሁታል፣ ሌላ ሙሌት አታምጣብኝ» እለው ነበር። ይስቅ ነበር።

ዛሬ ክሩን ነካሁት። ትንኝ! የትንኝ ድምፅ! ጎኑን መታ መታ አደረግሁት፤ ድፍን ጣውላ ነው። እኔ በፎቶ የማውቀው ጊታር ሆድ አለው፣ መሐሉ ላይ ክብ ቀዳዳ አለው። ይሄ ሆድም ቀዳዳም የለው።

ገባኝ። ቀጮ ደህናውን አስቀርቶ መናኛውን ነው ያመጣልኝ። ሰው ሞቶም ይዘረፋል!

ኅዳር 15፣ ሰኞ

ጊታሩን ይዤ፣ ሁለት አውቶቡስ ቀይሬ ቀጮ ቤት ሄድኩ። ሥራ ከዚያ ቀን ወዲህ አልገባም አሉኝ። ክፍሉ ውስጥ ሁለት አልጋ አለ፣ የአንደኛው ፍራሽ ተጠቅልሎ በገመድ ታስሯል። እሱ መሬት ላይ ተቀምጧል።

«የልጄን ጊታር የት አደረስከው?» አልኩት ገና በሩ ላይ።

«ያመጣሁልዎት እኮ እሱኑ ነው፣ እትዬ።»

«ይሄ ጣውላ ነው! ተጫወትክብኝ!»

አልተከራከረኝም። ከጥግ አንድ ጥቁር ሳጥን ጎትቶ አወጣ። ፊቱ በጨርቅ የተሸፈነ፣ አናቱ ላይ ማዞሪያዎች ያሉት ሳጥን ነው። «ጊታሩ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። ብቻውን ድምፅ የለውም። በገመድ ከዚህ ጋር ሲገናኝ ነው የሚጮኸው። አምፕሊፋየር ይባላል፣ እኛ ሳጥኑ ነው የምንለው» አለኝ።

«ይሄስ የማን ነው?»

«ሳጥኑ የኔ ነው፣ ጊታሩ የሱ። ለማናችንም ሁለቱን የመግዛት አቅም አልነበረንም። ብንጣላ እንኳ ብቻችንን መጫወት አንችልም እያልን እንሳሳቅ ነበር።» ከዚያ ሳጥኑን ወደ እኔ ገፋው። «ይውሰዱት። ያለ ጊታሩ ምን ያደርግልኛል?»

ፈልጌው ነበር። እዚያው ሰክቼ ብሰማው ደስ ባለኝ። ነገር ግን አፌ ሌላ ጠየቀ። «መሰላሉን ለምን ለቀቅከው?»

«ብሎን አምጣልኝ አለኝ። መኪናው ጋ ሄድኩ።»

«ልጄ እንዲህ አይልም! ሞተ ብለህ በሱ ታላክካለህ? ሳጥንህን ያዝ፣ የራሴን እገዛለሁ!»

ስመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ጊታሩን አቅፌ ሳለቅስ አንድ ሰውዬ ወንበር ለቀቀልኝ። «እናቴ፣ ሙዚቀኛ ነዎት?» አለኝ። «ልብስ ሰፊ ነኝ!» ብዬ ጮኽኩበት። ደንግጦ ሁለት ፌርማታ ሳይደርስ የወረደ ይመስለኛል።

ኅዳር 18፣ ሐሙስ

ሳጥን ልገዛ ነው ብዬ ለባለቤቴ ነገርኩት።

«ማን ሊጫወትበት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ።»

«ማን ሊጫወትበት ነው የምልሽ? አንቺ? እኔ?»

ዞር ብሎ ጊታሩን አየና፣ «እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ይቀመጥ። ከዚያ ለሚጠቀምበት ሰው እሰጠዋለሁ። ከሥራ ስገባ ግድግዳውን ተደግፎ የቆመ ሰው እየመሰለኝ ደህና ዋልክ ልለው እደርሳለሁ» አለኝ።

አሳዘነኝ። ግን ይበልጥ አናደደኝ። ሳልሰማውማ ከዚህ ቤት አይወጣም። አንድ ጊዜ፣ እዚሁ፣ ልጄ እንዳለው ቤቱን ሲሞላው ልስማ። ከዚያ የፈለገ ይውሰደው።

ኅዳር 25፣ ሐሙስ

ልብስ ለማድረስ ስወጣ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ እስከ ደረቴ የሚደርስ፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል ስፒከር አሳየኝ። «እናቴ፣ ይሄን ቢከፍቱት ሰፈሩ ይንቀጠቀጣል!»

«ሰፈሩ ምን በደለኝ?» አልኩት።

«ማይክም አለው፣ ሠርግ ላይ ያከራዩታል።»

ሠርግ። የልጄን ሠርግ እያሰበ አልተናገረም፣ አውቃለሁ። ቢሆንም በሩን በኃይል ዘግቼበት ወጣሁ።

ታኅሣሥ 4፣ ቅዳሜ

ከሴቷ ልጄ ጋር የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ ሄድን። ሻጩ ጠጉሩን የጠቀለለ ጎረምሳ ነው። የምጠይቀው እኔ፣ መልሱን የሚሰጠው ለሷ! ቆንጆ ናት፣ አልፈርድበትም። ፈረድኩበት እንጂ። «እዚህ ነኝ፣ ወደዚህ!» አልኩት።

ከዚያ በኋላ በወጉ አስረዳኝ። ለቤት ልምምድ አምስት ዋት ጉልበት፣ ግፋ ቢል አሥር ይበቃል። ትልቁን ገዝቼ ጎረቤት እንዳይሰማ ድምፁን ከቀነስኩት ያላቅሜ ትልቅ ከመግዛት በቀር ጥቅም የለውም። በባትሪ የሚሠራም አለ፣ ግን ባትሪው እኔን ያስቸግረኛል። አንደኛው ሃምሳ ዓይነት ድምፅ ያወጣል አለኝ።

«እኔ የምፈልገው አንድ ነው።»

«እንግዲያው ይቺ ትሻላለች፣ የጆሮ ማዳመጫ ብቻ ነች። ሌላ ሰው አይረበሽም። የሚሰማው ተጫዋቹ ብቻ ነው።»

«እኔስ?»

ምን ለማለት እንደፈለግሁ አልገባውም። «ለልጅዎ ነው? ጀማሪ ነው?»

«አዎ፣ ጀማሪ ነው» አልኩት።

«ራሱን ይዘውት ይምጡ። ሰው በራሱ እጅ ሳይሞክር ሳጥን አይገዛም።»

ሴቷ ልጄ እጄን ጎትታ አስወጣችኝ። መንገድ ላይ፣ «እማ፣ ቀጮ እኮ ሳጥኑን...» ስትል፣ «ስሙን አትጥሪብኝ!» አልኳት። ሕዝብ ዞሮ አየን። ምን አደረገችኝ እሷ? እሷም እኮ ወንድሟ ነው የሞተባት።

ታኅሣሥ 8፣ ረቡዕ

ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤቴ በሬ ላይ ከሌላ ሴት ጋር ስታወራ ሰማሁ።

«ልጇ በሞተ በወሩ ጊታር ቤት ለጊታር ቤት ትዞራለች አሉ።»

«ሆሆይ! ነክቷት ይሆን?»

መኪናዬን በባዶው፣ ያለ ክር፣ እስኪሄዱ ድረስ ረገጥኩት።

ታኅሣሥ 11፣ ቅዳሜ

ጊታሩን ይዤ ብቻዬን ተመልሼ ሄድኩ። ጎረምሳው ተቀብሎ ሰካና ጣቶቹን እንደ ሸረሪት እያሯሯጠ ተጫወተበት። ለማንም ሳይሆን ለራሱ። «አምጣ!» ብዬ ነጠቅሁት። ደነገጠ።

ራሴ ሞከርኩ። ወፍራሟን ክር ብቻ፣ በእያንዳንዱ ሳጥን፣ አንድ ጊዜ። አንደኛው ጩኸታም ነው። ሁለተኛው ቆርቆሮ። ሦስተኛው ወለል ላይ የተጣለ ያገለገለ ሳጥን ነበር፣ ፊቱ ላይ ያለው ጨርቅ ከጥግ እስከ ጥግ ተቀድዷል። «እሱን ይተዉት፣ ውስጡ ደህና ነው፣ ግን መልክ የለውም» አለኝ።

ክሩን ነካሁ። ድምፁ እግሬ ሥር ጀምሮ ደረቴ ላይ ደረሰ።

«ስለ ቀዳዳው ትቀንስልኛለህ።»

«ጨርቁን ማን ይሰፋልዎታል?» አለኝና ሳቀ። በሕይወቴ እንደዚህ ያለ ጥያቄ ተጠይቄ አላውቅም።

ታኅሣሥ 14፣ ማክሰኞ

ጨርቁን ቀየርኩት። ከመጋረጃ የተረፈ፣ ጠንካራ፣ ጥቁር ቡናማ ጨርቅ ነበረኝ። ከሥሩ ደህና ገበር አድርጌለታለሁ። ያለ ገበር የተሰፋ ነገር አልወድም። ጠርዙን አጥፌ በእጄ ሰፋሁት፣ አንድ ክር የወጣበት ቦታ የለም። የፋብሪካውን ሰዎች አስንቃለሁ።

ታኅሣሥ 16፣ ሐሙስ

አታለለኝ! ያ ጠጉረ ጥቅል ሌባ! ዛሬ ሰክቼ ክሩን ስነካው ጉም፣ ጉም። ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ሰው ይመስላል። ማዞሪያውን ብከፍተው ባሰበት። ጎረቤቴ ግድግዳውን ደበደበች። «የስፌት መኪናዬን ዕድሜሽን ሙሉ ችለሽ፣ ይቺን አልቻልሽም?» ብዬ ጮኽኩ። «መኪናሽንም አልቻልኩትም፣ አፍሬ ነው!» ብላ መለሰችልኝ።

ሱቅ ውስጥ እንዲህ አልነበረም። ውስጡን ቀይሮብኛል።

ታኅሣሥ 18፣ ቅዳሜ

ሳጥኑን ተሸክሜ ሄድኩ። ሱቁ ዝግ ነው። የብረት መዝጊያውን በእግሬ መታሁት። አውራ ጣቴ አበጠ። ለማንም መናገር አልችልም።

ታኅሣሥ 19፣ እሑድ

የሥራ ክፍሌ አምፖል ተቃጠለ። ባለቤቴ መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ወንበር ሰቅሎ ወጣ፣ እኔ ወንበሩን ያዝኩ። ድሮ ይህን የሚሠራው ልጄ ነበር። ባለቤቴ አሮጌውን ፈትቶ፣ «አዲሱን አቀብይኝ» አለኝ። አዲሱ መስኮቱ ላይ ነበር። ወንበሩን ለቅቄ ሄጄ አነሳሁና አቀበልኩት። ልጄም እንዲሁ ነበር የሚለኝ። አቀብይኝ፣ እማ። ሁልጊዜ አቀብይኝ።

መብራቱ በራ። ምንም አልሆነም። ይህን ለምን እንደምጽፈው አላውቅም።

ዛሬ ምሳ አልበላሁም።

ታኅሣሥ 23፣ ሐሙስ

ወሩ እያለቀ ነው። ቀጮ ቤት ሄድኩ። አልተቀመጥኩም።

«እሑድ መጥተህ ትጫወታለህ። ልጄ ይጫወት የነበረውን። ከዚያ ትሄዳለህ።»

«እሺ፣ እትዬ።»

«ሳጥንህን እንዳታመጣ። የራሴ አለኝ።»

«እሺ።»

እሺ እሺ ሲለኝ ተናደድኩ። አንድ ጊዜ ቢመልስልኝ ምናለ! ከስቷል። ቀጮ ብለው ያወጡለት ከዚህ ወፍሮ ሳለ ነው።

ታኅሣሥ 26፣ እሑድ

መጣ። ጸጉሩን ተስተካክሎ፣ ሸሚዙን ተኩሶ። የሸሚዙ አንድ ቁልፍ በሌላ ቀለም ክር ተተክሏል፣ ማን ሠራልህ ልለው ብዬ ተውኩት። ልጄ ከኔ የወሰደው ነጭ ክር ነው። ባለቤቴ ዜና የሚያይ መስሎ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ዘግቶ ተቀምጧል። ሴቷ ልጄ በሩን ተደግፋለች።

ገመዱን ሰካ። አንድ ክር ነካ። ጉም።

«አየህ? ሌባው ሻጭ ውስጡን ገልብጦብኛል!»

ተንበርክኮ ሳጥኑን ፊት ለፊት አየው። ጨርቁን በጣቱ ጫን ጫን አደረገው። አንዴ እኔን አንዴ ጨርቁን አየ፣ ከንፈሩን ነከሰ።

«ምንድን ነው? ተናገር!»

«ይሄን ማን ሰፋው?»

«ማን ይስፋው? እኔ ነኛ!»

«ገበር አለው እንዴ?»

«አለው እንጂ! ምን መሰልኩህ?»

«እማ...» አለና ሳቁ አመለጠው። «ድምፁ የሚወጣው በዚህ በኩል እኮ ነው። አፉን በካፖርት ሸፍነሽ አውራ አልሽው።»

መጀመሪያ የሳቀው ባለቤቴ ነው። ልጃችን ከሞተ ወዲህ ሲስቅ አልሰማሁትም ነበር፣ ያስለ መስሎኝ ዞር አልኩ። ከዚያ ሴቷ ልጄ። እኔ አልሳቅሁም። መቀሴን አምጥቼ ያንን ሁሉ ስፌት ቀደድኩት። ስቀድ ቀጮ ሳጥኑን ግራና ቀኝ ይዞልኝ ነበር። አልለቀቀውም።

እማ ማለቱን ያስተዋልኩት በኋላ ነው።

ሳጥኑ ባዶ ፊቱን ሆኖ ቀጮ ተጫወተ። ስለ ሙዚቃ አላውቅም፣ ምን እንደምለውም አላውቅም። ልጄ ግን አልዋሸም። አንዷ ክር ስትነካ ቤቱን ሞላችው። ትሪው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ድምፅ አሰሙ። የመርፌዎቼ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ። በግድግዳው የምትመጣውን ጡጫ ጠበቅሁ፣ አልመጣችም።

እየተጫወተ ሳለ በመሐል ድንገት አቆመ። ጊታሩን ከጉልበቱ አንስቶ፣ ገመዱ እንደተሰካ፣ በስተግራው ላለው ሰው እንደሚያቀብል ዘረጋው። በስተግራው ባዶ ወንበር ነው።

እጁን እንደዘረጋ ቀረ።

«ለምን አቆምክ?» አለው ባለቤቴ።

«ከዚህ በኋላ ያለው የሱ ነው። ጊታሩ አንድ ስለሆነ መሐል ላይ እንቀባበል ነበር። መጀመሪያው የኔ፣ መጨረሻው የሱ። እኔ መጨረሻውን አላውቀውም።»

ሳጥኑ እዝ ይላል። የሚነካው አጥቶ፣ በርቶ፣ እዝ ይላል። ማንም ተነስቶ አላጠፋውም። ጎረቤቴ ከግድግዳው ማዶ «አለቀ እንዴ?» አለች።

ባለቤቴ ተነስቶ ጊታሩን ከቀጮ እጅ ተቀበለ። እንዴት እንደሚያዝ አያውቅም፣ አንገቱን አንቆ ነው የያዘው። ባዶው ወንበር ላይ አስቀመጠውና ወጣ። ግቢው ውስጥ ሲናፈጥ ይሰማናል።

ቀጮን በር ድረስ ሸኘሁት። መናገር የነበረብኝ ብዙ ነው። «ሸሚዝህን አምጣው፣ ቁልፉን ደህና አድርጌ ልትከልልህ» አልኩት።

ታኅሣሥ 30፣ ሐሙስ

ወሩ አለቀ። ባለቤቴ ጊታሩን ለማንም አልሰጠም። ከሥራ ሲገባ «ደህና ዋልክ» ሲለው ሰማሁት። እንዳልሰማ ሆንኩ።

ለሳጥኑ ሳሳ ያለ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ጨርቅ አገኘሁለት። ያለ ገበር ሰፋሁት። ዓይኔ ገበር ይፈልጋል፣ ተውኩት።

ቀጮን ይቅር አላልኩትም። ይቅር የምለው ነገር መኖሩንም እንጃ። እሑድ እሑድ ና ብዬዋለሁ፣ መጨረሻውን እስኪያገኘው ድረስ። ላያገኘው ይችላል። አሁንም ንዴቱ አለቀቀኝም። ጠዋት ስነሳ አብሮኝ ይነሳል። በማን እንደምናደድ ግን እንደ በፊቱ አላውቅም።

ይህን ደብተር ልኬት ስትፈልጉ ከፍታችሁ፣ ገልብጣችሁ ከኋላ እዚህ የደረሳችሁ፣ እኔ ኖርኩም አልኖርኩ፣ አትቆጡኝ። ለልጄ ጸልዩለት። ስሙን አልጻፍኩም፣ እጄ እምቢ አለኝ። መሰላል ላይ የነበረው ልጅ ብትሉ እግዚአብሔር ያውቀዋል። ስትጸልዩለትም ሁሉንም ለሱ አትጨርሱት። መሰላሉን ለያዘው ትንሽ አስተርፉለት።